ከዝናቡ በፊት የሚመጣው ነፋስ
(ስለ በረሓ የክረምት አየር ጠባይ የተደረገ አጭር ጥናት)

ክረምት ሲባል በእኛ አገር ሰው ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው ጭቃ፣ ጎርፍ፣ ጉምና ለምለም ሣር ነው። ሰደድ እሳት ግን የበጋ ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌ ጫካ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በስሜን ተራሮች የተነሣው ቃጠሎ፣ ሁለቱም ምድሩ ደርቆ ዋናው ዝናብ ገና ባልገባበት ወራት የደረሰ ነበር። ክረምቱ ከገባ በኋላ በደጋው አገር እሳትን የሚፈራ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ከእኛ መካከል አንዱ፣ «ነገ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ደመና ይጠበቃል፤ በዚህም ምክንያት የሰደድ እሳት አደጋ ከፍተኛ ነው» የሚል ማስታወቂያ ቢያነብ፣ ጸሐፊው ተሳስቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ደመና ከመጣ እሳቱ ይጠፋል እንጂ እንዴት ይነሣል?

ይሁን እንጂ ማስታወቂያው አልተሳሳተም። እንዲህ ያለው ቃል በአሜሪካ በረሓዎች በየዓመቱ በሰኔ ወር የሚነገር ነው። ቃሉን በትክክል መረዳትና አለመረዳት የሰው ሕይወት እስከ ማዳንና እስከ ማጥፋት የሚደርስ መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን። የተከበራችሁ የትምህርት ጓደኞቻችን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የበረሓን የአየር ትንበያ የሚያነብ ሰው «ዝናብ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ከዝናቡ በፊት የሚመጣው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

1. ስፍራውና ወራቱ

ለጥናታችን የመረጥነው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘውን የአሪዞናን በረሓ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በረሓው እነፊኒክስንና እነቱሳንን የመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች ስላሉበት አየሩ ዘወትር በመሣሪያ ይለካል፤ የደረሰውም ጉዳት ተመርምሮ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ የዚያ በረሓ የዝናብ ወራት ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም ለማነጻጸር ይመቻል።

በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ አሪዞና ፍጹም ደረቅ ናት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ10 ከመቶ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ሙቀቱም እጅግ ብርቱ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1990) በፊኒክስ ከተማ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከሰኔ 23 እስከ ሐምሌ 23 (እ.ኤ.አ. 2023) ድረስ ለ31 ቀኖች ሳያቋርጥ በየቀኑ ሙቀቱ 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሷል።

ይህ ሙቀት ምድሩን ሲያግለው ከፍተኛ የአየር ግፊት ያለበት ክልል ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ከምዕራብ ይነፍስ የነበረው ነፋስ አቅጣጫውን ለውጦ ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ መንፈስ ይጀምራል፤ ከካሊፎርኒያና ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤዎችም እርጥበት ይዞ ይመጣል። ይህን የነፋስ መለወጥ ሊቃውንቱ «ሞንሱን» ይሉታል። ቃሉ «መውሲም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የተገኘ ሲሆን ትርጓሜውም ወቅት ማለት ነው። ቀድሞ የሞንሱኑ መግቢያ የሚታወቀው የአየሩ እርጥበት ሦስት ቀን በተከታታይ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ወዲህ ግን የአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ወቅቱን ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 20 ድረስ ነው ብሎ ወስኖታል። እንዲህ የተደረገውም ሕዝቡ «ዛሬ ገብቷል፣ አልገባም» እያለ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ለአደጋው እንዲዘጋጅ ነው።

አሁን አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። ደመናው የሚደርሰው ምድሩ ከረጠበ በኋላ አይደለም፤ ምድሩ እጅግ በደረቀበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚመጣው እርጥበት ከላይ ደመና ለመሥራት ይበቃል፤ ከታች ያለውን ሣር ለማራስ ግን አይበቃም። ይህ የመሸጋገሪያ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ አስጊ ነው።

2. በደመናው ውስጥ የሚሠራው ሥራ

በእንስራ የተቀመጠ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን። ከሸክላው ውስጥ ወደ ውጭ የወዛው ውሃ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። በበረሓው ደመና ሥርም የሚሆነው ይኸው ነው። የደመናው ግርጌ ከምድር እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ በእሱና በመሬት መካከል ያለው አየር ደግሞ ሞቃትና ደረቅ ነው። ከደመናው የወረደው ዝናብ ምድር ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይተናል። ከሩቅ የሚመለከት ሰው ከደመናው ሥር ግራጫ መጋረጃ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ያያል፤ የመጋረጃው ጫፍ ግን መሬት አይነካም።

ዝናቡ ሲተን በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወድቃል፤ ሲወድቅም ፍጥነት ይጨምራል። መሬት ሲደርስ ከዚያ በታች የሚሄድበት ስለሌለው ከባልዲ ወለል ላይ እንደ ተደፋ ውሃ ወደ ዙሪያው ሁሉ ይሠራጫል። ይህ የተሠራጨ ነፋስ ከደመናው ቀድሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ በአንድ መንደር ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ዝናቡም ሌላ አገር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ነፋሱ በድንገት ሊደርስና ጸጥ ያለውን አየር ሊያናውጠው ይችላል።

ነፋሱ አቧራማ ሜዳ ሲያገኝ አቧራውን እንደ ግድግዳ አቁሞ ይነዳዋል። ይህን የአቧራ ግድግዳ ዛሬ አሜሪካኖች «ሐቡብ» ይሉታል። ቃሉ ከጎረቤታችን ከሱዳን የተወሰደ ዐረብኛ ነው፤ በካርቱም ከተማ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1972 ሼርውድ ኢድሶና የሥራ ጓደኞቹ «የአሜሪካ ሐቡብ» የሚል ጽሑፍ በማሳተም በአሪዞና የሚታየው ማዕበል ከካርቱሙ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አስረድተዋል። ሰኔ 28 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2011) ፊኒክስን የሸፈናት ሐቡብ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ፣ የፊቱ ስፋት ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ የነፋሱም ፍጥነት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነበር። ማዕበሉ የተነሣው ከቱሳን አካባቢ ሲሆን ፊኒክስን የሸፈናት ብዙ አገር አቋርጦ መጥቶ ነው።

3. በበረሓ የሚነደው ምንድን ነው?

አንድ ተማሪ «በረሓ አሸዋና ድንጋይ ከሆነ ምን ይነድበታል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥም የአሪዞና በረሓ በጥንተ ተፈጥሮው በቀላሉ የሚቃጠል አልነበረም። ቁጥቋጦው አንዱ ከሌላው ተራርቆ ስለሚበቅል በመካከሉ ያለው ባዶ መሬት እሳቱን ያግደው ነበር። ሳጓሮ የሚባለውና ከ150 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችለው ቁልቋል መሰል ተክልም እሳትን መቋቋም ያልለመደ ነው።

ዛሬ ግን ያ ባዶ መሬት በሣር ተሞልቷል። ከሌላ ክፍለ ዓለም የመጡ አንዳንድ የሣር ዓይነቶች በክረምታቸው (በእኛ በጋ ማለት ነው) በሚዘንበው ዝናብ በቅለው በግንቦት ይደርቃሉ፤ በቁጥቋጦውና በቁጥቋጦው መካከልም ለእሳት ድልድይ ይሆናሉ። ከሌላ ክፍለ ዓለም ከመጡት ሣሮች አንዱ ደግሞ «ባፈል ግራስ» የተባለው ነው። ይህ ሣር ጥንተ አገሩ አፍሪካና እስያ ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ለከብት መልካም ግጦሽ ነው። ወደ አሜሪካ የተወሰደውም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለግጦሽና አፈር እንዳይሸረሸር ለመከላከል ነበር። በአገሩ ለከብት ምግብ የነበረው በዚያ ለእሳት ማገዶ ሆነ።

እዚህ ላይ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ዝናብ የበዛበት ዓመት ለእሳት ጥሩ ዓመት ነው። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004–2005) የዚያ አገር ብርድ ወራት እጅግ ዝናባማ ስለነበር በረሓው በሣር ተሸፈነ። ሰኔ 14 ቀን መብረቅ ከፊኒክስ በስተሰሜን ያለውን ምድር መታና «ኬቭ ክሪክ» የተባለውን ቃጠሎ አስነሣ። የተቃጠለው ምድር 100,000 ሄክታር ያህል ነበር፤ በዱሮው የመሬት መለኪያችን ቢሰላ 2,500 ጋሻ ይሆናል ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ደግሞ በግንቦት መጨረሻ በወደቀ መብረቅ በቱሳን አጠገብ ያለው የካታሊና ተራራ ነደደና 48,000 ሄክታር ያህል ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 9 ቀን በጎረቤቱ በሞሐቪ በረሓ መብረቅ ባስነሣው እሳት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚገመት «የኢያሱ ዛፍ» የተባለው ተክል ጠፍቷል።

ሦስቱም ቃጠሎዎች የተነሡት ከመብረቅ ነው። ከላይ እንደ ተናገርነው ዝናቡ በመንገድ ሲተን መብረቁ ግን አይተንም። ሊቃውንቱ «ደረቅ ነጎድጓድ» የሚሉት ይህን ነው። ደመናው እሳቱን ይለኩሳል፤ ነፋስ ልኮ ያራግበዋል፤ ውሃውን ግን ይነፍገዋል።

4. ሰኔ 19 እና ሰኔ 23

እስካሁን የተናገርነው የሳይንስ ትምህርት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ግን የሰዎች ነገር ነው።

ፊኒክስ 50 ዲግሪ በደረሰችበት በዚያው ሰኔ 19 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ከበረሓው በስተሰሜን ባለው ደን ውስጥ «ዱድ» የተባለ ቃጠሎ ይነድ ነበር። እሳቱን ያስነሣው ከአንድ ቀን በፊት የወደቀ መብረቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ከእሳቱ በላይ ያለው የደመናና የጢስ ክምር ወደቀና ብርቱ ነፋስ ወደ ታች ላከ። ነፋሱ እሳቱን በሸለቆው ቁልቁል ስለ ነዳው ስድስት ሰዎች ሞቱ። በዚያ ቦታ ከነበሩት የእሳት አጥፊ አለቆች አንዱ ፖል ግሊሰን በዓመቱ አራት ነገሮችን የያዘ ደንብ ጻፈ፤ እነርሱም ጠባቂ ማቆም፣ መገናኛ መያዝ፣ የመሸሻ መንገድ ማወቅና የመጠጊያ ቦታ ማዘጋጀት ናቸው። ይህ ደንብ ዛሬም ለእሳት አጥፊዎች ይሰጣል።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 21 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2013)፣ ያርኔል ከተባለች ትንሽ ከተማ በስተምዕራብ ባለ ዐለታማ ተራራ ላይ መብረቅ ወደቀ። ስፍራው በበረሓው ዳር የሚገኝ ከ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) ጀምሮ ያልተቃጠለ ቁጥቋጦ ያለበት ምድር ነው። እሳቱ በመጀመሪያ ትንሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 23፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ እሳቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነዳው ነበር። «ግራናይት ማውንቴን» የተባለው ጓድ አባላትም ከእሳቱ በስተኋላ ይሠሩ ነበር።

የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በስተምሥራቅ ነጎድጓድ እንደሚነሣና ነፋስ እንደሚያስከትል ተናገረ። 9 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ሲሆን ደግሞ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ እየመጣ መሆኑን አስታወቀ። ነፋሱም እንደ ተባለው መጣ። እሳቱ ፊቱን አዞረ፤ በጎን የነበረውም ግንባር ሆነ። ከጓዱ አባላት 19 ሰዎች አስቀድሞ ከተቃጠለው ቦታ ወጥተው በሸለቆ በኩል ወደ አንድ የእርሻ ቤት ይወርዱ ነበር። 10 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገደማ እሳቱ ደረሰባቸው። 19ኙም ሞቱ። ከጓዱ በሕይወት የተረፈው በሌላ ስፍራ ጠባቂ ሆኖ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። በያርኔልም ከመቶ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ጠፉ።

ሰዎቹ ያንን የተቃጠለ ቦታ ለምን እንደ ተዉት የሚነግረን ከመካከላቸው የለም፤ እኛም በሩቅ ተቀምጠን ልንፈርድባቸው አይገባንም። ልንማር የሚገባን ግን ይህን ነው። ትንበያው አልጎደለም፤ ስሕተትም አልነበረበትም። ሰዓቱም አቅጣጫውም ተነግሯል። የቀረው፣ «ነፋስ ይመጣል» የሚለው ቃል በዚያች ሸለቆ ለቆሙ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ በጊዜው ተተርጉሞ መድረሱ ነበር። ትንበያ በቁጥርና በአቅጣጫ ይነገራል፤ አደጋው ግን የሚደርሰው በአንድ በተወሰነ ሸለቆ፣ በአንድ በተወሰነ ሰዓት ነው። ይህን ትርጉም የሚሠራ ሰው ከሌለ ማስጠንቀቂያው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

5. ትንበያውን እንዴት እናንብብ?

እንግዲህ ከላይ የተናገርነውን መሠረት አድርገን የበረሓን ትንበያ ለማንበብ የሚረዱ አምስት ነጥቦችን እናቀርባለን።

ሀ) የከመቶውን ቁጥር በልክ መረዳት። «የዝናብ ዕድል 20 ከመቶ» ማለት በተባለው አገር ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ ሊለካ የሚችል ዝናብ የመውረዱ ዕድል 20 ከመቶ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ 80 ከመቶ ደኅና ነን» ይላል። ቁጥሩ ግን ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ነፋስ አይናገርም። ያልዘነበልን ደመና ነፋሱን ሊልክብን ይችላል።

ለ) «ይጠበቅ» እና «ተጠንቀቅ» የሚሉትን መለየት። በአሜሪካ ለእሳት የሚያሰጋ አየር ሊመጣ የሚችል ሲሆን አስቀድሞ የመጠባበቂያ ማስታወቂያ ይወጣል። አየሩ መድረሱ ሲረጋገጥ ወይም ሲደርስ ደግሞ «ቀይ ባንዲራ» የተባለው ማስጠንቀቂያ ይነገራል። መለኪያው በየወረዳው ቢለያይም በመሠረቱ ዝቅተኛ እርጥበትና ብርቱ ነፋስ፣ ወይም በደረቅ ምድር ላይ የሚወድቅ መብረቅ ነው። በዚህ ቀን ሣር ማቃጠል፣ ብረት መበየድ ወይም የሲጋራ ቁራጭ መጣል ቀላል ነገር አይደለም።

ሐ) ከፍጥነቱ ይልቅ የነፋሱን መለወጥ መፈለግ። ነፋስ በአንድ አቅጣጫ ቢበረታ እሳቱ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። አቅጣጫው ሲለወጥ ግን ጠባብ የነበረው የእሳቱ ጎን በአንድ ጊዜ ሰፊ ግንባር ይሆናል። በያርኔል የሆነው ይኸው ነው።

መ) በመንገድ ላይ ሳሉ ሐቡብ ቢመጣ። የአሪዞና የትራፊክ ሰዎች ለሾፌር የሚሰጡት ምክር ለሰሚው እንግዳ ነው። መኪናውን ከአስፋልቱ ፈጽሞ አውጥቶ ማቆም፣ መብራቱን ሁሉ ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬን ይዞ እግርን ከፍሬኑ ፔዳል ማንሣት ነው። ምክንያቱም በአቧራው የታወረ የኋላ ሾፌር የፊቱን መኪና ቀይ መብራት ሲያይ መንገዱ እዚያ ያለ መስሎት ተከትሎ ይመጣና ይጋጫል።

ሠ) ዝናቡ ሲወርድም አለመዘናጋት። የተቃጠለ ተራራ ውሃ አይመጥም፤ የወረደውን ሁሉ ወደ ሸለቆው ይለቅቀዋል። ሐምሌ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2017) ከፊኒክስ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለች ወንዝ ውስጥ ሲታጠቡ ከነበሩ የአንድ ቤተ ዘመድ ሰዎች 10ሩን ጎርፍ ወሰዳቸው። ዝናቡ የወረደው ከእነርሱ በላይ በነበረው ተራራ ላይ ነበር፤ ከዚያም ተራራ ብዙው ከጥቂት ሳምንት በፊት ተቃጥሎ ነበር። እሳቱ በሰኔ የጀመረውን ሥራ ውሃው በሐምሌ ጨረሰው።

መደምደሚያ

ይህን ጥናት ስንጀምር ነገሩ ከእኛ የራቀ መስሎን ነበር። ስንጨርሰው ግን ብዙ የምናውቀው ነገር ሆኖ አገኘነው። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ነፋስ እንደሚነሣ፣ አቧራው ዐይን እንደሚሞላ፣ ልብስ ከገመድ ላይ እንደሚበር፣ ያንንም ነፋስ ያየች እናት የተሰጣ እህል ለማንሣት እንደምትሮጥ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። እናቶቻችን ያንን ነፋስ ዝናብ መጣ የሚል መልእክት አድርገው ያነቡታል፤ ንባባቸውም ትክክል ነው። በአሪዞና በረሓ ግን ያው ነፋስ ራሱ መልእክቱም አደጋውም ነው። ዝናቡ ላይከተለው ይችላልና።

ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ አስተማሪ ወይም የወረዳ ሹም የሚሆኑ አሉ። በሥራችን ላይ ሳለን የአየር ትንበያ በጠረጴዛችን ላይ የሚቀመጥበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን ወረቀቱን አንብበን በመዝገብ ውስጥ ከማስቀመጣችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ከዝናቡ በፊት ምን ይመጣል? ከየት በኩል ይመጣል? በዚያ በኩል ማን ቆሟል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካገኘን በኋላ የሚቀረው ወደዚያ ሰው በጊዜ መላክ ነው።